«አይ ሀንግሪ» እና «አይ አም አግሪ»፦ የእንግሊዝኛ ግስ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ጎልማሶችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ የግስ ጊዜ ሰንጠረዡን አንድ ሳያጎድሉ በቃላቸው ይወጡታል። መናገር ሲጀምሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይሰናከላል። እኔ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የማገኘው ከጊዜው ሳይሆን ከግሱ ዓይነት ነው።

ምልክት፦ «አይ ሀንግሪ»፣ ወይም በተቃራኒው «አይ አም አግሪ»።

ምክንያት፦ «ራበኝ» እና «ደከመኝ» በአማርኛ ሙሉ ግሶች ናቸው፤ ሌላ ደጋፊ አይሹም። በእንግሊዝኛ «ሀንግሪ» ቅጽል ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር የሚያያይዘው ግስ ያስፈልገዋል፦ አም፣ ኢዝ ወይም አር። ተማሪው ይህን ስሕተት ከታረመ በኋላ ደንግጦ «አም»ን እንደ ጨው በየዓረፍተ ነገሩ ይነሰንሰዋል። «አግሪ» (ተስማማ) ግን ራሱ ግስ ነው።

መፍትሄ፦ ከቃሉ በፊት «ዲድ ኖት» አስገቡ። «አይ ዲድ ኖት አግሪ» ያስኬዳል፤ «አይ ዲድ ኖት ሀንግሪ» አያስኬድም። ያልሄደው ቃል ግስ አይደለምና «አም» ይገባዋል።

ምልክት፦ «ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ሚ»፤ ደግሞም «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕራይስ»።

ምክንያት፦ ጠብቀኝ፣ አዳምጠኝ፣ አስረዳኝ። የአማርኛ ግስ ተሳቢውን እንደ ሕፃን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። ዌይትና ሊስን ግን ሰውን በቀጥታ አይቀበሉም፤ በመሐል መስተዋድድ ይፈልጋሉ፦ ዌይት ፎር ሚ፣ ሊስን ቱ ሚ። ኤክስፕሌይን ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ማለትም ተሳቢን በቀጥታ ይቀበላል፤ ተሳቢው ግን የሚብራራው ነገር እንጂ የሚሰማው ሰው አይደለም፦ ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ። ዲስከስ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። እኛ «ስለ ዋጋው ተወያየን» ስለምንል «ስለ»ን ይዘንለት እንሄዳለን፤ እርሱ ግን ተሻጋሪ ነውና አያስፈልገውም፦ ዊ ዲስከስድ ዘ ፕራይስ።

መፍትሄ፦ ግስን ብቻውን አትያዙ። ደብተራችሁ ላይ «ዌይት = ጠበቀ» የሚል ካለ ሰርዙትና «ዌይት ፎር ሰምዋን» ብላችሁ ጻፉ። ተሻጋሪና ኢተሻጋሪ የሚለውን ትርጓሜ ማስሸምደድ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ደብተሩ ይበልጣል።

ምልክት፦ «ዘ ባንክ ኢዝ ኦፕንድ አት ቱ»።

ምክንያት፦ እዚህ ሁለት ችግር አለ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ «ኤይት» ነው፤ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ባይሆንም ቀጠሮ ያስቀራል። ግሱን በተመለከተ፣ አማርኛ ከፈተና ተከፈተ፣ አቆመና ቆመ እያለ ቅርጹን ይለውጣል። እንግሊዝኛ ግን በብዙ ግሶች ላይ አንዱን ቅርጽ ለሁለቱም ይጠቀምበታል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲው ቢቆም «ዘ ታክሲ ስቶፕድ»፤ ሹፌሩ ቢያቆመው «ዘ ድራይቨር ስቶፕድ ዘ ታክሲ»።

መፍትሄ፦ ስለ መደበኛው የሥራ ሰዓት ስትናገሩ «ዘ ባንክ ኦፕንስ አት ኤይት» በሉ።

ምልክት፦ በስልክ «የት ነህ?» ሲባል «አይ ሃቭ ስቱድ ኢን ለገሃር»።

ምክንያትና መፍትሄ፦ «ቆሜያለሁ» የሚለው ቃል በቃል ተተርጉሟል። አማርኛው አሁን ያለውን ሁኔታ በተፈጸመ ግስ ይገልጻል፤ እንግሊዝኛው «አይ አም ስታንዲንግ» ይላል። ይህን የተማረ ሰው ደግሞ «አይ አም ኖዊንግ» ማለት ይጀምራል። ኖው (ማወቅ)፣ ዋንት (መፈለግ) እና ቢሊቭ (ማመን) ድርጊትን ሳይሆን ሁኔታን ስለሚገልጹ በተለመደው አነጋገር «ኢንግ»ን አይቀበሉም።

ምልክት፦ «ዲድ ዩ ዌንት?»፣ «ሺ ካን ስፒክስ»።

ምክንያት፦ «ሄድህ?» ስንል ያለፈው ጊዜ ያለው ግሱ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ጥያቄ ጊዜውን «ዲድ» ተሸክሞታል፤ ሁለት ተሸካሚ አያስፈልግም።

መፍትሄ፦ ዲድ ዩ ጎ? ከካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድና መስት በኋላም እንዲሁ ግሱ ራቁቱን ይመጣል፤ «ኤስ» የለ፣ «ቱ» የለ።

ምልክት፦ «ኦፕን ዘ ቲቪ»።

መፍትሄ፦ ቴሌቪዥን የምንከፍተው እኛ ነን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ተርን ኦን» ይላሉ፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ግስ ናቸው። ስሙን በ«ኢት» ስትተኩት ግን መካከላቸው አስገቡት፦ ተርን ኢት ኦን።