የሲሊንደር ጋዝ ሬጉሌተርና ጎማ አቀያየር

ጅማ ውስጥ ከዋና መስመር በቱቦ ቤት ድረስ የሚገባ ጋዝ የለም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጋዝ ቆጣሪም ስለዚህ የለም። እኛ ቤት አርጅቶ መቀየር ያለበት ዕቃ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው ሬጉሌተርና ከእሱ ወደ ምድጃው የሚሄደው ጎማ ነው። እዚህ ጋዝ የምንለው በሲሊንደር የሚሸጠውን ነው፤ በክር እየሳበ የሚነደውን የላምባ ምድጃ አይመለከትም።

ሲሊንደር ሲያልቅ ሁሉም ይቀይራል፣ ምድጃውም ሲቆሽሽ ይጸዳል። ሬጉሌተሩን ግን መሽተት እስኪጀምር ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሥራው ከባድ ነው፦ በሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ ባር (የግፊት መለኪያ ነው፤ አንዱ ባር 1,000 ሚሊባር ይሆናል) የሚደርሰውን ግፊት ምድጃው ወደሚፈልገው 30 ሚሊባር ገደማ ያወርዳል፤ ከመቶ እጥፍ በላይ መቀነስ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለ ሞላና አንዲት ስስ የጎማ ሽፋን ናቸው። ሽፋኗ በዓመታት ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፤ ከውጭ ሲታይ ግን ዕቃው ደህና ይመስላል። አምራቾች በአብዛኛው ሬጉሌተር በ10 ዓመት፣ ጎማ ደግሞ በ5 ዓመት ይቀየር ይላሉ። ጎማው ላይ የታተመ ዓመት ካለ የሚታመነው እሱ ነው። ጅማ ዝናብና እርጥበት የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች ሲሊንደሩን ከቤት ጀርባ ከጣራው ክፈፍ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ዝገቱ ቶሎ ስለሚጀምር ዓመቱ እስኪሞላ ባይጠብቅ ጥሩ ነው።

ዓመቱ ሳይደርስም መቀየር ያለበትን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ጎማውን በእጅ እጠፉትና ውጩን ተመልከቱ፤ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም እንደ ደረቀ ቆዳ ከጠነከረ፣ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ ጊዜው አልፏል። ሬጉሌተሩ ሲያፏጭ፣ ነበልባሉ ከምድጃው ጭንቅላት ተነስቶ ሲዘል፣ ወይም ማብሪያው ሳይነካ ከፍ ዝቅ ሲል ግፊቱ መስተካከል አቁሟል ማለት ነው። ቢጫ ነበልባልና ድስት ላይ የሚቀር ጥላሸት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምድጃው አየር የሚስብበት ቀዳዳ በቅባት ስለተደፈነ ነው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ የነበልባሉ ጫፍ ጥቂት ቢጫ ቢሆን ሬጉሌተሩን ለመወንጀል አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ምድጃውን አጽዱ።

የዚህ ጋዝ ጠባይ አንድ ነገር ላይ ይለያል፤ ከአየር ይከብዳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች ፕሮፔኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴኑ ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ሲያፈስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለል ላይ እንደ ውሃ ተኝቶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። እኛ ቤት ወለል ላይ ያለው ደግሞ የቡናው ፍም ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ከሰሉ በደንብ ሲግም፣ ሁለት ሜትር ርቆ ያረጀ ጎማ ቢኖር ጋዙ የሚሄደው ወደዚያው ነው። አየር ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ከተማ ሲሊንደሩና የከሰሉ ምድጃ በአንድ ክፍል መዋል የለባቸውም።

ወደ ግዢው እንሂድ። ሄርማታ መርካቶም ሆነ ሌላ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ሬጉሌተር ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሲሊንደሮች አፍ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በፍሬ ይጠበቃል፣ ሌላው ተጭኖ ጠቅ ይላል፤ የማይገጥመውን በግድ ማስገባት አይቻልም። ሬጉሌተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለቤት የሚሆነው ዝቅተኛ ግፊት የሚሰጠው፣ 28፣ 30 ወይም 37 ሚሊባር የሚል ነው፤ ምድጃው ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ይስማማ። በእጅ እየዞረ ግፊት የሚጨምረው፣ ምግብ ቤቶች ለትልቅ ማንደጃ የሚጠቀሙበት ከፍተኛ ግፊት ያለው ሬጉሌተር ግን ለቤት ምድጃ ፈጽሞ አይሆንም። “እሳቱ ይበረታል” ተብሎ ሲሸጥ እውነት ነው፣ ይበረታል፤ የምድጃውን ማብሪያዎች ጎሚኒ (ጋዝ እንዳያልፍ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) እየገፋ ያፈሳልም። በሰዓት 1 ኪሎ የሚያሳልፍ ሬጉሌተር ባለ አራት ራስ ምድጃን በደንብ ይችላል፤ አንድ ትልቅ ራስ ሙሉውን ተከፍቶ በሰዓት ከሩብ ኪሎ በታች ነው የሚበላው።

ጎማው ለጋዝ የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ ይጻፋል። ግልጽ የውሃ ጎማ ጋዙ ራሱ ያደርቀዋል፤ በወራት ውስጥ ጠንክሮ ይሰነጠቃል። የውስጡ ስፋት ከሬጉሌተሩና ከምድጃው አፍንጫ ጋር ልክ ይሁን፣ ርዝመቱም ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። ሁለት ፋሸታ (ጎማውን አፍንጫው ላይ የሚያጠብቅ የብረት ማሰሪያ)፣ ለሲሊንደሩ አፍ የሚሆን አንድ አዲስ ጎሚኒ፣ ካቻቢቴና ስለታም ቢላዋ ካላችሁ በቂ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ፍም ካለ አውጡ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አጥፉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። አንድ ራስ ምድጃ አብሩና የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፤ ነበልባሉ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ እንዲህ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ከፈታችሁ በኋላ ፊታችሁ ላይ አይለቀቅም። ከዚያ የምድጃውን ማብሪያ ሁሉ ዝጉ።

በፍሬ የሚታሰረው ዓይነት ብዙ ጊዜ ግራ ጥርስ ነው፤ ከለመድነው ብሎን ተቃራኒ ሆኖ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ግራ ይጠብቃል። የፍሬው ማዕዘኖች ላይ ጭረት ካለ ግራ ጥርስ ነው። ይህን ሳያውቁ በመፍቻ ታግለው የሲሊንደሩን ጥርስ የሚበሉ አሉ፤ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ ችግሩ ከሬጉሌተሩ አልፎ የሲሊንደሩ ይሆናል። ከፈታችሁ በኋላ የሲሊንደሩን አፍ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አሮጌው ጎሚኒ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ እዩ። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ አንደኛው የማፍሰስ ምክንያት ነው። ቴፍሎን፣ ማለትም ቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ቴፕ፣ አትጠምጥሙ፤ እዚህ ጋዙን የሚያግደው የጎሚኒው ወይም የብረቱ መቀመጫ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም፣ ቴፍሎኑ መቀመጫው እንዳይገጥም ያደርጋል።

ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወደ አፍንጫው ከማስገባታችሁ በፊት ፋሸታውን ጎማው ላይ አሳልፉ፤ ይህን የሚረሳ ሁለት ጊዜ ይሠራል። አልገባ ካለ ጫፉን ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ዘይት ግን አትቀቡ፤ በኋላ ተንሸራትቶ ይወጣል። ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ይግባ፣ ፋሸታውም አፍንጫው ላይ ካሉት ቀለበቶች አልፎ ይቀመጥ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩት እስከማይዞር ድረስ አጥብቁ፤ ከዚያ ካለፈ ፋሸታው ጎማውን ይበላዋል። ሽቦ ጠምጥሞ በፒንሳ መቆንጠጥ በየቤቱ ይታያል፤ ሽቦ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጫን ጎማውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል።

ሬጉሌተሩን ስታስሩ ትንሿ የመተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ታች ትይ፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባባት። ቀዳዳዋን ጋዝ የምታፈስ መስሏቸው በማስቲሽ የሚደፍኗት አሉ። በእሷ አየር ካልገባና ካልወጣ የውስጡ ሽፋን መንቀሳቀስ አይችልም። ነፍሳት ገብተውባት ቢደፍኗትም ውጤቱ ያው ነው። ባለ እጅ መያዣውን በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ መፍቻ የሚፈልገው ባለ ብረት መቀመጫው ነው።

አሁን ምርመራው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና አረፋ አድርጉት። የምድጃው ማብሪያ ሁሉ ተዘግቶ የሲሊንደሩን ቫልቭ ክፈቱ፣ አረፋውን በስፖንጅ ቀቡ፦ የሲሊንደሩን አፍ፣ የቫልቩን አንገት፣ የሬጉሌተሩን ዙሪያ፣ ሁለቱን የጎማ ጫፎች። ለአንድ ደቂቃ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩ፤ ትንሽ ፍሳሽ አረፋውን ቶሎ አያነሳውም። ክብሪት ለኩሶ መፈተሽ አይታሰብ። በአፍንጫ ብቻም አትመኑ፤ ሽታው ውስጥ ጥቂት የቆየ አፍንጫ መለየት ያቆማል።

አረፋ ከተነሳ ቫልቩን ዝጉ፣ እንደገና ፈትታችሁ ጎሚኒውን እዩ። የሚያፈሰው የቫልቩ አንገት ራሱ ከሆነ ለመጠገን አትሞክሩ፤ ሲሊንደሩን እንደቆመ ወደ ሜዳ አውጡና ለሸጠላችሁ መልሱ። ቤቱ አስቀድሞ ሸትቶ ካገኛችሁት መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ሁለቱም ብልጭታ አላቸው። በሩን ብርግድ አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ጋዙ የሚወጣው በታች በኩል ስለሆነ መስኮት ብቻውን አይበቃም።

አንዳንድ ሬጉሌተር ትንሽ ጌጅ አለው፤ ብዙ ሰው እንደ ቆጣሪ አምኖት ይገዛል። ጌጁ የሚያሳየው ግፊት ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይቀንስም፣ ፈሳሹ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ ሙሉም ሩብም አንድ ቁጥር ያሳያሉ። የቀረውን ለማወቅ ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት አንብቡና በሚዛን መዝኑት፤ ልዩነቱ ያላችሁ ጋዝ ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ በሲሊንደሩ ጎን አፍስሱና በእጅ ከላይ ወደ ታች ዳስሱ፤ ሙቀቱ በድንገት የሚቀዘቅዝበት መስመር የፈሳሹ ከፍታ ነው።

የሳሙናውን ምርመራ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ድገሙት፤ አራት ደቂቃ አይፈጅም። የገጠማችሁበትን ወርና ዓመት በማርከር ሬጉሌተሩ ላይ ጻፉ፣ አሮጌውን ጎማ ደግሞ ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ሙሉውን ከጣላችሁት ሌላ ሰው አንስቶ ሊገጥመው ይችላል።