ሆሚዮፓቲን ስንመዝን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደጀን ከተማ ውስጥ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከጀርመን የላከችላቸውን አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። በውስጧ ከምስር ፍሬ ያነሱ ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ፤ በላይዋ ላይ የአንድ ተክል ስምና «30 ሲ» የሚል ምልክት ተጽፏል። «ከዕፅ የተሠራ ነው፣ እንደ ዳማከሴ ቁጠሪው ብላኛለች። የልጅ ልጄን ትኩሳት ይዞታልና ልስጠው ወይ ልጄ?» አሉኝ። ብልቃጧ የያዘችው የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ነበር፤ ስለዚህ ሕክምና የምንሳሳተው ነገር አብዛኛው በዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያውና ሥር የሰደደው ስህተት ሆሚዮፓቲን ከባህል መድኃኒት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ሲጠጣ፣ ኮሶም ለኮሶ ትል ሲወሰድ፣ የተክሉ ንጥረ ነገር በትክክል ወደ ሆድ ይገባል፤ የሚጠቅመውም፣ መጠኑ ሲያልፍ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው። ሆሚዮፓቲ ግን ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1796 ያቀረበው ሐሳብ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው ላይ ምልክት የሚያመጣ ነገር ያንኑ ምልክት ያለበትን ሕመምተኛ ይፈውሳል፣ በቀጠነም መጠን ይበረታል ይላል። «30 ሲ» ማለት አንድ እጅ መድኃኒት ከ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ተደባልቆ ተንጦ፣ ከዚያው አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና እየቀጠነ ይኸው 30 ጊዜ ተደገመ ማለት ነው። አንድ ጠብታ በመላው ጣና ሐይቅ ውስጥ ብትበተን የምትደርሰው ወደ 9ኛው ደረጃ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገና 21 ማቅጠን ይቀራል። ከ12ኛው ደረጃ ካለፈ ደግሞ ከመነሻው ንጥረ ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘት ዕድሏ እጅግ የመነመነ ነው፤ እናቲቱ በእጃቸው የያዙት ስኳር ነበር።

ሁለተኛው «ወስጄው ተሽሎኛል» የሚለው ምስክርነት ነው። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ነገር ግን ጉንፋን በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል፣ የወገብ ሕመምም ይበረታል ይቀላል፣ ሰውም መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በጠናበት ሰዓት በመሆኑ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መሻል ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ሕመምተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ እንክብል፣ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቁ መስጠት ብቻ ነው።

ይህም ሲደረግ አንድ ጥናት ብቻ መዝዞ መከራከር አይገባም፤ አነስተኛና በጥንቃቄ ያልተሠሩ ጥናቶች ወደ «ይጠቅማል» ያጋድላሉና። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት 176 ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መደምደሚያ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም ሕመም የለም ብሏል።

የሆሚዮፓቲ ሐኪም ሕመምተኛውን ብዙ ጊዜ ወስዶ ያዳምጣል፤ ይህ በእርግጥ ያጽናናል፣ ወረፋ በበዛባቸው ጤና ጣቢያዎቻችን የጎደለንም ይኸው ነው። ሆኖም የማዳመጡን ዋጋ ለእንክብሉ መስጠት ስህተት ነው።

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለሕፃናት ጥርስ ማውጫ በሚሸጡ አንዳንድ የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የተባለውን መርዛም ተክል ከተጻፈው በላይ አግኝቷል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ የሚባክነው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤች አይ ቪና ለሕፃናት ተቅማጥ ሆሚዮፓቲን እንደማይመክር ያስታወቀው ስለዚሁ ነው። የእናቲቱ የልጅ ልጅ ደግሞ ያተኮሰው ወባ ካለበት ከዓባይ በረሃ በወጣ በሳምንቱ ነበር፣ ወሩም ጥቅምት ነበር። ብልቃጧን መልሰው ቋጠሩና ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ የጣቱ ደም ሲመረመር ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት ተገኘበት፣ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒትም በሦስት ቀን ጨረሰ።