የአማተር መኪና ውድድር ይፋዊ ሚዛን ትክክለኛነት ጎንደር ላይ እንዴት ይረጋገጣል?

ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤልጅየም በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር አንደኛ ሆኖ የገባው ጆርጅ ራስል፣ መኪናው ከውድድሩ በኋላ ሲመዘን ከዝቅተኛው የ798 ኪሎ ግራም ገደብ በ1.5 ኪሎ አንሶ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። መኪናው በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ላይ ወጥቶ ሁለቱም ያሳዩት ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር፤ የሚዛኖቹ ልክነትም የቡድኑ ሰዎች እያዩ ተረጋግጧል። ጎንደር ላይ ወጣቶች በጋራዥ ያዘጋጇቸውን ኮሮላዎችና ቪትዞች የሚያወዳድር ሰውም ይህንኑ ጥንቃቄ በትንሽ ወጪ ማድረግ ይችላል፤ ማድረግም አለበት፤ ምክንያቱም ወራት የለፋን ልጅ በተዛባ ቁጥር ከውጤት ማስወጣት ከባድ በደል ነው።

መጀመሪያ የሚዛኑን ዓይነት ይምረጡ። ጭነት መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ቢገኝ እንኳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙ አስር ቶን የሚመዝነው እንዲህ ያለ ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በ20 ኪሎ እርምጃ ስለሆነ፣ 980 ብሎ የጻፈው መኪና 972ም 988ም ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው በአራቱ ጎማዎች ሥር የሚገቡ፣ በግማሽ ወይም በአንድ ኪሎ እርምጃ የሚያነቡ አራት ጠፍጣፋ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ናቸው።

ቀጥሎ መፈተሻ ክብደት ያዘጋጁ። የታወቀ ክብደት ሳይጫንበት ትክክል ነው የተባለ ሚዛን አልተፈተሸም። የንግድ ቁጥጥር ባለሙያዎች የነጋዴ ሚዛን የሚያረጋግጡባቸውን የሚዛን ድንጋዮች በትብብር ማግኘት ከተቻለ ጥሩ ነው። ካልተቻለ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ውሃ ሞልቶ ክዳናቸውን ማጥበቅ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አሥሩ ከነጀሪካናቸው ከ200 ኪሎ ትንሽ ያልፋሉ። ግምቱ ላይ ግን አይቁሙ፤ በቅርቡ ተፈትሾ ምልክት በተደረገበት የእህል ነጋዴ ባስኩላ (ኤሌክትሮኒክ ያልሆነው፣ በሚዛን ድንጋይ የሚመዝነው) ላይ እያንዳንዱን መዝነው ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ። በአሸዋ የተሞላ ከረጢት እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ክብደቱ ስለሚለዋወጥ አልመክረውም።

ቦታው ጠንካራ ሊሾ ወይም ኮንክሪት ይሁን። ግንበኞች ከፍታ የሚያስተካክሉበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው በመዘርጋት አራቱ እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን ይለኩ፤ ዝቅ ያለው ሥር ላሜራ ይጨምሩ። አንድ ጊዜ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ስንመዝን የኋላ ቀኙ ሚዛን ደጋግሞ ስድስት ኪሎ ያህል አነሰብን። ገመዱን ቀየርን፣ ባትሪውን ቀየርን፣ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ሚዛኑን ገልብጠን ስናይ በላይኛው ሳህንና በወለሉ መካከል የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጠር ተወትፋ፣ ወደ ሴንሰሩ መድረስ የነበረበትን ጭነት በከፊል ራሷ ተሸክማለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠርግና ከሥር ሳላይ አልመዝንም።

ሚዛኖቹን ጥላ ሥር አድርገው ካበሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። የጎንደር ጠዋት ብርድና የቀትር ፀሐይ ልዩነታቸው ብዙ ስለሆነ፣ ሦስቱ ጥላ ውስጥ አንዱ ፀሐይ ላይ ከሆነ ዜሮው ይሸሻል። ከዚያ ዜሮ አድርገው በአንዱ ሚዛን ላይ ጣውላ ያስቀምጡ፤ ጣውላው ወለሉን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ የጣውላውንም ክብደት ዜሮ ያድርጉ። አምስት ጀሪካን ይጫኑና ንባቡን ይመዝግቡ፤ እነዚያኑ ጀሪካኖች በሌሎቹ ሦስት ሚዛኖችም ላይ ይድገሙ። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ የት እንዳለ ታውቋል።

ባዶውን ሚዛን በ100 ኪሎ መፈተሽ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚያሳስበን 900 ወይም 1,000 ኪሎ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ስለዚህ መኪናውን አራቱ ሚዛኖች ላይ አውጥተው ይመዝኑ፣ ከዚያ አምስቱን ጀሪካኖች መኪናው ውስጥ ያስገቡ። ጠቅላላው ንባብ በጀሪካኖቹ ድምር ልክ መጨመር አለበት፤ ከኋላ ወንበር አንሥተው ፊት ቢያስቀምጧቸውም ድምሩ መለወጥ የለበትም። ከፈተናዎቹ ሁሉ ይህን እጅግ አምነዋለሁ።

እዚህ ላይ የጎንደር የራሷ ጉዳይ ይመጣል። ሁሉም ሚዛኖች እኩል ሆነው፣ በፈተናው ሁሉ ከሺህ ሦስት ያህል የሚያንሱ ከሆነ ተበላሽተዋል ማለት አይደለም። የመሬት ስበት ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉና ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ከተማችን በሰሜን ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የስበቱ መጠን 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ሲሆን፣ በመካከለኛው አውሮፓ ግን 9.81 ገደማ ነው። እዚያ የተስተካከለ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን እዚህ እንዳለ ቢዘረጋ፣ የ1,000 ኪሎ መኪና 997 ያህል ሆኖ ይነበባል። ባስኩላ ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያመዛዝንና ስበቱ ሁለቱን ወገን እኩል ስለሚነካ ይህ ስህተት የለበትም፤ ጀሪካኖቹን በእሱ ያስመዘንኩዎትም ስለዚህ ነው። መፍትሔው ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑን እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በታወቀ ክብደት እንደገና ማስተካከል ነው። ማስተካከያው የሚጠይቀው ቁልፍ ወይም የይለፍ ቁጥር ከሌለዎት ለካሊብሬሽን ባለሙያ ይስጡት፤ የሚስተካከለው ግን ለዚሁ ከተማ ስበት መሆኑን አስረግጠው ይንገሩ።

መኪናው ሲመዘን ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ፍሬን የያዘ ጎማ ሚዛኑን ወደ ጎን ስለሚገፋው ንባቡን ያዛባል። ሹፌሩ ከነሄልሜቱ ይመዘናል ወይስ አይመዘንም የሚለውን ደንቡ አስቀድሞ ይወስን። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 20 ሊትር ያቃጠለ መኪና ወደ 15 ኪሎ ቀንሶ ይመለሳል። እያንዳንዱን መኪና ሦስት ጊዜ አውርደው ያውጡት፤ በሦስቱ ንባቦች መካከል የሚታየው ልዩነት ሚዛኑ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደሚታመን ይናገራል። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ከሆነ በአንድ ኪሎ ሰው አይቀጣም፤ ስለዚህ የሚፈቀደውን ልዩነት ከውድድሩ በፊት ጽፈው ይለጥፉ።

ይፋዊው ሚዛን በዋዜማው ለተወዳዳሪዎች ሁሉ ክፍት ይሁን፤ በራሱ ጋራዥ ሚዛን ተመክቶ የመጣ ልጅ ልዩነቱን አይቶ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ መኪና ሚዛኑ ላይ ከማውጣትዎ በፊት እነዚያኑ ጀሪካኖች ተወዳዳሪዎች ባሉበት እንደገና ይጫኑ። ቁጥሩ ከጠዋቱ መዝገብ ጋር ከገጠመ ምዘናውን ይቀጥሉ። ካልገጠመ ጉድለቱ ተገኝቶ ሚዛኑ እስኪስተካከል ድረስ ማንንም ከውጤት አያስወጡ፤ መኪኖቹም ማንም ሳይነካቸው በዳኞች ጥበቃ ሥር ይቆዩ።