የቶኒና የስቲቭ ክርክር እንዲደራላችሁ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢያችን ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካፒቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዎር» የተባለ ፊልም እያየን፣ ልክ ቶኒ (አይረን ማን) ነው ወይስ ስቲቭ (ካፒቴን አሜሪካ) እያልን እንከራከራለን። እናንተም ካማራችሁ ጎራውን በዕጣ ክፈሉ። አለበለዚያ፣ አቦ፣ ሁሉም ስቲቭ ጋር ነው የሚሰለፈው።

ፊልሙን በአንዴ እንዳትጨርሱት። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮስ ያንን ወፍራም የሶኮቪያ ስምምነት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አቁሙት። 117 አገሮች የደገፉት ሰነድ ነው፤ አቬንጀርስ፣ የእነ ቶኒና ስቲቭ የልዕለ ጀግኖች ቡድን፣ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሱት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ሲፈቅድ ብቻ ይሆናል። እዚያው ጠይቁ፦ ሌጎስ ላይ የቡድኑ አባል ዋንዳ ፍንዳታውን ከስቲቭ አሽሽታ ወደ ላይ ስታነሳው ሕንፃው ውስጥ ለሞቱት ማን ይጠየቅ? ቶኒ እንፈርም የሚለው ለዚህ ነው። ስቲቭ ደግሞ «ኮሚቴው የማይገባን ቦታ ቢልከን፣ የሚያስፈልገን ቦታ እንዳንሄድ ቢከለክለንስ?» ባይ ነው።

እኔ የስቲቭን ጎራ ሁሌ የማፋጥጠው «እናንተንስ ማን መረጣችሁ?» ብዬ ነው። ያኔ ጫጫታው ይቀልጣል።

ለሽምግልና የሌላዋን የቡድኑ አባል የናታሻን ነገር አንሱ፤ ከቶኒ ጋር ወግና ሳለ ኤርፖርት ላይ ስቲቭን ያሳለፈችው እሷ ናት። የኤርፖርቱን ፍልሚያ ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ እሱ ከተጀመረ የሚሰማችሁ የለም።