የኢንዶኔዥያኛ የውሰት ቃላትን ምንጭ እንዴት መለየት ይቻላል?

በመጀመሪያ ቃሉን ከቅጥያዎቹ ማላቀቅ ያስፈልጋል። «መሚኪርካን» (ስለ አንድ ነገር ማሰብ) የሚለው ግስ ሥሩ «ፒኪር» ሲሆን፣ ቅድመ ቅጥያው ሲጨመር «ፕ» ተውጦ በ«ም» ይተካል፤ ስለዚህ ሥሩን ሳያውቁ መዝገበ ቃላት መግለጥ ድካም ብቻ ነው። የኢንዶኔዥያኛ መሠረት የሆነው የጥንቱ ማላይኛ «ፍ» ስላልነበረው «ፕ»ን ወደ «ፍ» መልሰው ሲያነቡት፣ ዐረብኛው «ፊክር» ይወጣል።

ቀጥሎ ቃሉ የሚውልበትን ሙያ መመልከት ይጠቅማል። «ራቡ» እና «ካሚስ» ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያሻቸውም፤ ከዐረብኛ የመጡ የረቡዕና የኀሙስ ስሞች ናቸው። «ታሁ» (ከአኩሪ አተር የሚረጋ ምግብ) ከሆክየን ቻይንኛ፣ «ካንቶር» (ቢሮ) ደግሞ ከደች የመጡ ናቸው። እኛ በጣሊያንኛው «ማርሚታ» የምንለውን የመኪና ዕቃም እነርሱ በደችኛው «ክናልፖት» ይሉታል።

አስቸጋሪው ደረጃ ለአንድ ቃል ሁለት አውሮፓዊ ምንጮች ሲቀርቡ መለየቱ ነው። እኔ «በንዴራ» የሚለውን ቃል ስሰማ የእኛው «ባንዲራ» መስሎኝ፣ ምንጩ ጣሊያንኛ ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ በዚያም ሳልወሰን ለሌሎች አስተማርኩ። ጣሊያኖች ግን ያንን አገር ገዝተው አያውቁም። የማላይኛ ተናጋሪዎችን የወደብ ከተማ ማላካን እ.ኤ.አ. በ1511 ይዘው እስከ 1641 የቆዩት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ቃሉም የእነርሱ «ባንዴይራ» ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰጪው ሕዝብ ከተቀባዩ ጋር የት እንደተገናኘ መጠየቅ ይገባል።

«ሰኮላህ» (ትምህርት ቤት) የበለጠ ያታልላል፤ ምክንያቱም ደቾችም «ስኾል» የሚል ቃል አላቸው፣ የገዙትም ለረጅም ዘመን ነው። እዚህ ላይ የቃሉን መጨረሻ ማዳመጥ ይበጃል፤ የደቹ ቃል በተነባቢ ሲያልቅ ፖርቱጋልኛው «እሽኮላ» ግን በ«አ» ያበቃል፣ የኢንዶኔዥያኛውም መጨረሻ ይህንኑ ድምፅ ጠብቋል። ከዚያ እኅት ቃላቱን አጠገቡ መደርደር ነው፦ «ጀንዴላ» (መስኮት) ከ«ዣኔላ»፣ «ሰፓቱ» (ጫማ) ከ«ሳፓቱ»። እሑድ እንኳ «ሚንጉ» የሚባለው ከፖርቱጋልኛው «ዶሚንጉ» የመጀመሪያው ቀለም ወድቆ ነው።

ቃሉ እ.ኤ.አ. ከ1972 በፊት ከታተመ ጽሑፍ የተወሰደ ከሆነ ፊደሉን አስቀድመው ያድሱ፤ በዚያ ዓመት በተደረገው ማሻሻያ «ች» የሚነበቡት የላቲን ቲ እና ጄይ በአንድ ሲ ተተክተዋል።