ቱርቦ ከቀየራችሁ በኋላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ አልቆም ካለ ከየት ትጀምራላችሁ

ቱርቦ አስቀይራችሁ ወይ ያልነበረበት ሞተር ላይ አስገጥማችሁ መኪናው ሲሮጥ ደስ ይላል፣ ስትቆሙ ግን፣ ሚኒሞ ላይ ማለት ነው (ቤንዚን ሳትረግጡ ሞተሩ ለብቻው ሲሰራ)፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) 500 ወርዶ 1200 እየወጣ ይርገበገባል ወይ ጭራሽ ጥፍት ይላል? እኔ እዚሁ ባህር ዳር ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰቃይቼበታለሁ፣ ከጢስ ዓባይ ስመለስ ከተማ ውስጥ ባጃጆች መሀል ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል። የገጠመልኝ ጋራዥ "ቱርቦው ፎርጅድ ነው ሌላ ግዛ" አለኝ፣ ልገዛም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዛ ፋሲሎ አካባቢ አንድ ትልቅ መካኒክ ጋ ሄጄ "ጋሼ ቱርቦው ነው እንዴ?" ስላቸው ቦኔቱን እንኳን ሳይከፍቱ "አይ ልጄ፣ መጀመሪያ የፈታችሁትን እየው" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ለምን ብትሉኝ ቱርቦውን አዙሮ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገፋው የጭሱ ኃይል ነው፣ ሚኒሞ ላይ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ስለሆነ ቱርቦው ቢሽከረከርም ግፊት አይሰራም ማለት ይቻላል። ስለዚ ሲቆም ብቻ የሚያስቸግር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሲገጠም የተነካካው ነገር ላይ ነው፣ ቱቦ፣ ፋሸታ (ቱቦ ማሰሪያው)፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ሶኬት። ቱርቦውን ለመፍታት አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በእጃችሁ ሂዱበት። ከአየር ፊልትሮው ጀምራችሁ ወደ ቱርቦው፣ ከዛ ኢንተርኩለር (የተገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከዛ እስከ ትሮትሉ (ቤንዚን ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር) ድረስ እያንዳንዱን ቱቦ ያዝ አድርጋችሁ አዙሩት። በእጅ የሚዞር ከሆነ ፋሸታው አልጠበቀም። ቱቦው ውስጥ ዘይት ካለ ጨርቅ ይዛችሁ አድርቁት፣ ዘይት ያለበት ጎማ ስታጠብቁት የያዘ ይመስላል ግፊት ሲመጣ ግን ሙልጭ ይላል። ሶኬቶቹንም ቀጭ እስኪሉ ግፉ።

አየር መለኪያ ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ (ከፊልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ የተሰካው፣ ማፍ የሚሉት) ነገሩ ይብሳል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚመድበው እሱ በቆጠረው አየር ልክ ነው፣ ከሱ በኋላ በቀዳዳ የገባ አየር ግን አልተቆጠረም፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይርገበገባል። በማፕ ሴንሰር (ሞተሩ መግቢያ ላይ የአየር ግፊት የሚለካው) ብቻ የሚሰራ መኪና ደግሞ ከትሮትሉ በፊት ያለ ቀዳዳ ሚኒሞውን ብዙም አይነካውም፣ እዛ ላይ ከትሮትሉ በኋላ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው የምታዩት።

ቀጥሎ ስካነር። ርካሿ የብሉቱዝ ኦቢዲ (ከመኪናው ኮምፒውተር ላይ ቁጥር የምታነብ መሳሪያ) ትበቃለች፣ የነዳጅ ማስተካከያውን ፐርሰንት (ፊውል ትሪም) ክፈቱ። ጤነኛ ሲሆን ዜሮ አካባቢ ነው፣ 5 ወደላይ ወይ ወደታች ቢል አያስጨንቅም። ሚኒሞ ላይ ከ15 በላይ ፕላስ ሆኖ 2500 አርፒኤም ስታደርሱት ወደ ዜሮ ከተመለሰ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ በዚህ አትጠራጠሩ። ማይነስ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ትልልቅ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) አስገብታችሁ ኮምፒውተሩን ካላስተካከላችሁ የሚመጣው እሱ ነው፣ ጭሱም ይጠቁራል ቤንዚን ቤንዚንም ይሸታል። እዛ ላይ ቱቦ ብታጠብቁ ለውጥ የለውም፣ ቱን የሚያደርግ (ኮምፒውተሩን እንደተገጠመው እቃ የሚያስተካክል) ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ።

እዚህ ጋር ባህር ዳር ላይ ሰው የሚሸወድበትን ልንገራችሁ። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ማፕ ሴንሰሩን ብታነቡ 81 ወይ 82 ኪሎፓስካል ነው የሚለው። ኢንተርኔት ላይ ያለው 101 የባህር ጠለል ቁጥር ነው፣ እሱን አይተው ደህና ሴንሰር የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። የቫክዩም ጌጅም (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካው) እንደዛው፣ መጽሐፍ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፣ ጣና ዳር ላይ ግን ከ12 እስከ 15 ካነበበና ቀስቱ ካልተንቀጠቀጠ ደህና ነው። ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ከዚህም ይወርዳል።

አየር መግባቱን ካወቃችሁ ቦታውን ፈልጉ። እኔ ያደረኩት ይሄ ነው፦ ከህንጻ መሳሪያ ቤት የቱርቦው አፍ የሚያክል የፒቪሲ ክዳን ገዛሁ፣ መሀሉን በስቼ ከጎሚስታ ያመጣሁትን የጎማ ንፋስ መሙያ ቫልቭ ተከልኩበት፣ የፊልትሮውን ቱቦ አውልቄ እሱን በፋሸታ አሰርኩና በእግር ፓምፕ ነፋሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ነው ይሄ። ከ0.5 ባር አትለፉ፣ የዘይት መሙያውንም ክዳን ላላ አድርጉት ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) እንዳይገፋ። ከዛ ኦሞ በውሃ በጥብጣችሁ በስፕሬይ እርጩ። ትልልቆቹ ቱቦዎች ላይ ምንም አላየሁም፣ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ስር ግን የትንሽ ጣቴን ግማሽ የምታክል የቫክዩም ቱቦ ነበረች፣ ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ) ላይ የተሰካችበት ቦታ አረፋው ቁጢጥ ቁጢጥ እያለ እየተነፋ ይፈነዳል። ስትሰካ ተሰንጥቃለች፣ ሁለት ሳምንት ያሰቃየችኝ እሷ ናት። ካርቡራተር ማጽጃ ረጭቶ መፈለግ የሚወዱ አሉ፣ እኔ በጋለ የቱርቦ ብረት አጠገብ ያንን አልመክርም፣ እሳት ይይዛል።

አረፋ ካላያችሁ ብሎው ኦፍ ቫልቩን (እግራችሁን ከቤንዚን ስታነሱ ትርፉን ግፊት የሚለቀው) እዩ። ሞተሩ እየሰራ አፉ ላይ ጣታችሁን አድርጉ፣ ሚኒሞ ላይ ወደውስጥ የሚስብ ከሆነ ስፕሪንጉ ላልቷል ማለት ነው። አየሩን ወደውጭ የሚለቅ ዓይነት ማፍ ባለው መኪና ላይ ተገጥሞ ደግሞ እግራችሁን ከቤንዚን ስታነሱ ያጠፋዋል፣ የተቆጠረው አየር ስለወጣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ መፍትሄው የሚለቀውን ወደ ቱርቦው መግቢያ በቱቦ መመለስ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የፒሲቪ ቱቦ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰው) ላይ ያለው ቫልቭም ተገልብጦ እንዳይሆን፣ በአፍ ንፉበት በአንድ በኩል ብቻ ነው ማሳለፍ ያለበት።

ካንዴላም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) አለ፣ ለቱርቦ ተብሎ ክፍተቱ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፣ ከዛ በጣም ከጠበበ ሚኒሞ ላይ ማቀጣጠሉን ይስታል። አውጥታችሁ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ ካንዴላው ለሞተሩ በጣም ቀዝቃዛ ዓይነት (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ) ነው። ቆማችሁ ሰማያዊ ጭስ ከኋላ ካያችሁ የቱርቦውን የዘይት መመለሻ ቱቦ ተመልከቱ፣ ሳይታጠፍ ወደታች ብቻ መውረድ አለበት።

ናፍጣ ከሆነ፣ በተለይ የድሮው መካኒካል ፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ያለው፣ የአየር ቀዳዳ ጭስ ያጠቁራል ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሚኒሞ አያርገበግብም። እዛ ላይ ናፍጣው ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነ ነው የምትፈልጉት፣ ፊልትሮና የእጅ ፓምፑ አካባቢ። ፖምፓው ላይ ናፍጣ ጨምረውላችሁ ከሆነ ደግሞ ሚኒሞው አብሮ ስለሚነሳ የሚኒሞውን ብሎን መልሶ ማስተካከል ነው።

ከጠገናችሁ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ለ10 ደቂቃ ንቀሉ፣ መልሳችሁ ስታስነሱት ኤሲም መብራትም ሳትከፍቱ እስኪሞቅ ተዉት፣ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደገና ይማራል። የኔን ማታ ሐይቁ ዳር አቁሜ ነው ያየሁት፣ 800 ላይ ተተከለ። ኤሲ ከፈትኩ፣ መሪውን እስከመጨረሻው አዞርኩ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ እዛው 800።