ሜይሉ «ተልኳል» ይላል፣ ግን አይደርስም፦ የቤት ሜይል ሰርቨር ችግርና መፍትሄ

ፖስትፊክስ (ሜይል የሚልከውና የሚቀበለው ፕሮግራም) እና ዶቭኮት (የደረሰውን ሜይል የሚያስነብበው) ተጭነዋል፣ ዶሜይኑም ተገዝቷል ብዬ ልጀምር።

ሜይል አይወጣም። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ተርሚናል ላይ «ሜይልኪው» በሉ። የተጠራቀመ ሜይል አለ? ሥሩ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል? ሎጉ ላይ ከአድራሻው ቀጥሎ 25 የሚል ቁጥር ካያችሁ ነገሩ አለቀ። ሰርቨሮች ሜይል የሚቀባበሉት በፖርት (በኔትወርክ በር ቁጥር) 25 ነው። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደግሞ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ስፓም እንዳይረጭ ብለው ከቤት መስመር ወደ ውጭ ይዘጉታል። ኮምፒውተራችሁ ምንም አልሆነም።

አንድ የሂሳብ ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ኡቡንቱን ደጋግሞ አጥፍቶ ጭኗል። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ አዲስ ራውተር ገዝታ ጠበቀችኝ። ሻጩ «ይሄ ሜይል ያሳልፋል» ብሏት! እንዲህ ብሎ ነገር የለም።

መፍትሄው ሪሌይ ነው። በፖርት 587 ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አገልግሎት ላይ አካውንት ክፈቱ። ሜይን ዶት ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ሪሌይሆስት የሚለው መስመር ላይ የሰርቨሩን ስም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ጻፉ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብና 587። ቅንፉን አትዝለሉ! ከሌለ ፖስትፊክስ የኤምኤክስ ሬከርድ (የዶሜይኑ ሜይል የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበለው የሚናገር መዝገብ) ፍለጋ ሄዶ ሌላ ሰርቨር ያንኳኳል። ሳስልን (በስምና በይለፍ ቃል መግቢያውን) እና ቲኤልኤስን (ምስጠራውን) አብሩ። የሪሌዩን የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል ከሩት (ከዋናው አስተዳዳሪ) በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጉ። ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ቅርጽ በሚቀይረው «ፖስትማፕ» ትእዛዝ ካላሳለፋችሁት ደግሞ አይሠራም፤ ሁሉም የሚረሳው ይህን ነው። ፖስትፊክስን ሪሎድ አድርጉና ወረፋ የያዘውን ልቀቁት።

ተስፋ ቆርጦ ማይኔትወርክስን (ያለ ይለፍ ቃል መላክ የሚችሉ አድራሻዎችን ዝርዝር) ለዓለም ሁሉ የሚከፍትም አለ። ኧረ ተው! የማታውቁት ሰው በስማችሁ ስፓም ሲልክ ያድራል፣ አድራሻችሁም ጥቁር መዝገብ ይገባል።

ይደርሳል፣ ግን ስፓም ውስጥ። ሪሌዩን ኤስፒኤፍ ሬከርዳችሁ (በዶሜይናችሁ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚዘረዝረው) ላይ ጨምሩ፣ ሜይሉንም በዲኪም (በዶሜይናችሁ ዲጂታል ፊርማ) አስፈርሙ።

ከውጭ አይገባም። ራውተሩ ላይ የዋን (ከኢንተርኔት አቅራቢው በኩል የተሰጠውን) አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አንዱን አድራሻ ከጎረቤት ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። ፖርት ብትከፍቱም ዋጋ የለውም። ቋሚ የሕዝብ አይፒ ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋ። የሚመጣው ሜይል ወዲያው አይጠፋም፤ ለምሳሌ ፖስትፊክስ ካልተቀየረ እስከ 5 ቀን ድረስ እየደጋገመ ይሞክራል። የሚያሳስበው በድንገት ሲጠፋ ሊበላሽ የሚችለው ዲስኩ ነው፤ ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ያስፈልጋል። የሞተ ባትሪ ታጭቆበት «አዲስ» እየተባለ የሚሸጥ ዩፒኤስ ሞልቷል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አስገጥሙና ሶኬቱን አስነቅሉ። ሻጩ ካንገራገረ ውጡ።

መብራት በመጣ ቁጥር የሰርተፊኬት ስህተት ካያችሁ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከቱ። ወደ ኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ቀይሩ።